ከበሩ ሥር የበላው ሰው

የያዙኝ አስተምሬ ስወጣ ነው። እጄ ላይ ገና የጠመኔ ዱቄት ነበረ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ከኮሌጁ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «መምህር፣ ለትንሽ ጥያቄ ፈልገንህ ነበር» አለኝ አንደኛው። ድምፁ ትሁት ነበር። ቦርሳዬን ሊይዝልኝ ሁሉ እጁን ዘረጋ። ፒክአፑ ላይ ከኋላ አልጫኑኝም፤ ጋቢና አስቀመጡኝ። በዚያች ሰዓት የማስበው ስለ ባለቤቴ ስለነበር ጋቢና መቀመጤን ልብ አላልኩትም። ሌሎቹ እንዴት ተጭነው እንደመጡ ስሰማ ነው ትዝ ያለኝ።

ወላይታ ውስጥ የክልል ጥያቄው በጋለበት ሰሞን ነው። ሱቆች ተዘግተዋል፤ መንገድ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። እኔ ሁለት ስብሰባ ላይ ተናግሬ ነበር። ያጠፋሁት ነገር አለ ብዬ አላምንም ነበር፤ አሁንም አላምንም። የምጽፈው ግን ስለዚያ አይደለም።

ያስገቡኝ ከሶዶ ከተማ ዳር ባለ፣ ድሮ እህል ይከማችበት በነበረ መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነበር፤ ነቀዝ የበላው የበቆሎ ሽታ፣ ከሰው ላብና ከሽንት ጋር ተቀላቅሎ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከላይ ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች አሉ። ከበሩ ጎን አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። ሰዎች በግድግዳው ዙሪያ ጉልበታቸውን አቅፈው ተደርድረዋል። የት እንደምቀመጥ ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለሁ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር አንድ ድምፅ ጠራኝ።

«ና መምህር፣ ወደዚህ ና። ቦታህ እዚህ ነው።»

በሥራ የማውቃቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ሸሚዛቸው ቆሽሿል፤ ኮታቸውን ግን አጥፈው ከጎናቸው በጥንቃቄ አስቀምጠውታል። ከአጠገባቸው አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነበር፤ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ነፋስ የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። ቦታውን ማን እንዳከፋፈለው የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በወዲያኛው ግድግዳ የቢሮና የንግድ ሰዎች፣ መሐል ላይ የባጃጅ ሾፌሮችና የቀን ሠራተኞች፣ ከበሩ ሥር ደግሞ ከጀሪካኑ አጠገብ አንድ ሰው ብቻውን።

ሌሊት በጎናችን የምንተኛው ቦታ ስለጠበበን ነው። አንዱ ሲገላበጥ ሌላውም አብሮ ይገላበጣል። እንዲያም ሆኖ በዚያ ሰውዬና በቀጣዩ ሰው መካከል አንድ ክንድ የሚያህል ባዶ ሲሚንቶ ነበረ። ማንም አይተኛበትም።

«ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት ነጋዴውን በሁለተኛው ቀን።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጪናሻ ነው።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም፤ እዚያው አገር ነው ያደግኩት። ሸክላ ሠሪ ማለቱ ነው። ሸክላቸውን እንገዛለን፤ በድስታቸው እንቀቅላለን፤ በእንስራቸው ውኃ እናስቀምጣለን። ከእነሱ ጋር ግን አንበላም፤ አንጋባም፤ እልፍኝ አናስገባቸውም። ሕግ አይደለም። ማንም ተነስቶ ይህን አድርጉ አይልም። ቤተ ክርስቲያንም ትምህርት ቤትም ስህተት ነው ይላሉ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንገባለን።

ምግብ ከየቤታችን ይመጣልን ነበር። ቆጮ በዳጣ፣ የተቀቀለ ቦዬ፣ እንጀራ፣ አንዳንዴም ሥጋ። ሁሉም በአንድ ትልቅ ትሪ ላይ ይፈሳል፤ ቤተሰብ የራቀበትም እኩል ይበላል። ኃላፊው ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። «አያችሁ? ውጭ የምንፈልገውን እኩልነት እዚህ ጀምረነዋል» ይሉ ነበር። ከመብላታችን በፊት አንድ የባጃጅ ሾፌር ከትሪው ትንሽ ያነሳና በፌስታል ቁራጭ ላይ አድርጎ ወደ በሩ በሲሚንቶው ላይ ይገፋዋል። ሰውዬው በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ጎንበስ ብሎ ያመሰግናል፤ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይበላል።

ይህን በገባሁ ቀን አየሁ። አይቼ በላሁ።

ጊዜ እንዳይገድለን ፕሮግራም ነበረን። ጠዋት ጸሎት፣ ከሰዓት በኋላ «ትምህርት»። ነጋዴው ስለ ንግድ ፈቃድ ነገረን፤ አንድ ሾፌር ስለ ሞተር አስተማረን። በስድስተኛው ቀን ተራው የኔ ሆነ። ኮሌጅ ውስጥ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የማስተምረውን ነገር በሁለት ሰዓት ልናገር ተነሳሁ፤ የሰው የኑሮ ደረጃ አስተሳሰቡን በየአገሩ እንዴት እንደሚቀርጸው።

እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርጌ አስተማርኩ። ሰው ስለ መንግሥት፣ ስለ ግብር፣ ስለ ጎረቤቱ የሚያስበው ከሚኖርበት ቤትና ከሚሠራው ሥራ ተነስቶ እንደሆነ ነገርኳቸው። በእንግሊዝ ሰው አፉን ሲከፍት ብቻ ከየትኛው ሰፈር እንደመጣ እንደሚታወቅ፣ የማዕድን ቆፋሪ ልጅና የባለርስት ልጅ አንድ ባንዲራ እየሰቀሉ በምርጫ ቀን እንደሚለያዩ ተናገርኩ። በብራዚል በአንድ ፎቅ ላይ እመቤቷ በፊት ለፊቱ ሊፍት፣ ሠራተኛዋ በጓሮው ሊፍት ሲወጡ፣ ስለ አንድ መንግሥት ሁለት የተለያየ ወሬ ይዘው እንደሚወጡ ነገርኳቸው። እኛንም አልተውኩም። «ይህን የክልል ጥያቄ እዩ» አልኩ። «የቢሮ ሰው ሲያስበው ወንበር ይታየዋል፤ ነጋዴ ሲያስበው መንገድና ጨረታ፤ ወጣቱ ሥራ። ሁሉም ወላይታ ይላል፤ የሚታየው ግን ይለያያል።» ነጋዴው ሳቀ። ኃላፊውም ትንሽ ፈገግ አሉ።

ከዚያ ወደ ህንድ ሄድኩ። በአንዳንድ የገጠር ሻይ ቤቶች በትውልዳቸው ዝቅ ተደርገው ለሚታዩ ሰዎች ብርጭቆ ለብቻ ይቀመጥ እንደነበር፣ ጠጥተው ራሳቸው አጥበው እንደሚመልሱት ነገርኳቸው።

«ይሄማ አረመኔነት ነው!» አሉ ኃላፊው። «በዚህ ዘመን? ሰው አይደሉም እንዴ?»

ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ከንፈሩን መጠጠ።

«መምህር፣ ልጠይቅ?»

ድምፁ የመጣው ከበሩ ሥር ነው። በወላይትኛ ነበር የተናገረው። ሁላችንም ዞርን። እስከዚያ ቀን ከምስጋና ሌላ ቃል ከአፉ ሰምተን አናውቅም።

«ጠይቅ» አልኩት።

«እነዚያ ብርጭቆ የሚለይባቸው ሰዎች» አለ፣ «ሲታሰሩስ ለብቻቸው ነው የሚታሰሩት? ወይስ ከሰው ጋር?»

ምጸት አልነበረውም። በእውነት ማወቅ የፈለገ ይመስል ነበር። ስለ ህንድ ብዙ አንብቤአለሁ።

«ይህንን እንኳ... አላነበብኩም» አልኩት።

ከመሐል አንድ ሰው ሳቀ። በክፋት አልሳቀም፤ ጭንቅ ሲይዘው የሚስቅ ዓይነት ነበር። ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስብሰባ እንደሚዘጋ ሰው «ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰዓቱ ስለሄደ በዚህ እናብቃ» አሉ። አበቃን።

በማግስቱ ጠዋት ለመታጠብ ወደ ግቢው ሲያወጡን ከቧንቧው አጠገብ አገኘሁት። ሌሎቹ ታጥበው እስኪጨርሱ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። እሱ «እርስዎ» ይለኝ ነበር፤ እኔ «አንተ» እለው ነበር። በዕድሜ ቢያንስ አሥር ዓመት ይበልጠኛል። ይህን ስጽፍ «እሳቸው» ብዬ ለመጻፍ ሞክሬ ተውኩት። ያን ጊዜ ያላልኩትን ዛሬ ብል ራሴን ማሳመር ይሆንብኛል።

«ከየት ነህ?»

«ከሁምቦ።»

ሸክላውን የምትሠራው ሚስቱ ናት። እሱ ጭቃውን ይቆፍራል፤ እንጨቱን ይለቅማል፤ የተተኮሰውን በሣር ጠቅልሎ ተሸክሞ ለገበያ ያወጣል። በዚያ ሰሞን የሁምቦ ገበያ ስለቀዘቀዘ ወደ ሶዶ ይዞ መጣ። ከተማ ሲገባ ሰው ይሮጣል። ለምን እንደሚሮጥ አያውቅም።

«ሸክሙን ብጥለው አመልጥ ነበር» አለኝ። «ግን የሁለት ሳምንት ድካሟ ነው። እንዴት እጥለዋለሁ?»

«ሸክላውስ?»

«መኪናው ላይ ሲወረውሩኝ ከታች ቀረ። ሲሰበር ሰማሁት።»

ከዚያ መጠይቅ እንደያዘ ሰው፣ ወላይታ ክልል ቢሆን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቅኩት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። እሱ ግን አሰበበት።

«እናንተ የተማራችሁት ከፈለጋችሁት ጥሩ ነገር ይሆናል» አለ። «ሲመጣ እኛ ቤትም ይደርሳል?»

«ይደርሳል» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እርስዎ ጥሩ ሰው ነዎት» አለኝና ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ። እንደዚያ ተብሎ የተነገረ «ጥሩ ሰው» ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ ለምርመራ ጠሩት። ማንም ልብ አላለውም። እሱን ስለምን ይጠይቁታል ብለን ነው መሰለኝ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ሲመልሱት ግድግዳውን ይዞ ነው የገባው። ከግራ ጆሮው እስከ አገጩ አብጧል። ቦታው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

ሄጄ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። በዚያ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ምን አሉህ?»

ለመናገር አገጩን ያዘ። «ወረቀት አነበቡልኝ። እርስዎና ጌታዬ፣ እሳቸው» አለ በዓይኑ ወደ ኃላፊው እያመለከተ፣ «ገበያ ላይ ሰው ሰብስባችሁ መንገድ ዝጉ ብላችኋል ይላል። ሰምቻለሁ ብለህ ጣትህን አትም፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ አሉኝ።»

«እሺ?»

«አልሰማሁም አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ደጋግመው ጠየቁኝ። አልሰማሁም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ያልሰማሁትን እንዴት ሰማሁ እላለሁ?»

ሌላ ነገር አልጨመረም። ከሰዓት ጥበቃ ላይ የነበረው ፖሊስ በበሩ ሽንቁር ለነጋዴው ሲነግረው ሰማን። «ያ ሸክላ ሠሪ ድርቅ ያለ ነው። እኛ እኮ ለራሱ ብለን ነው፤ ቢያትም ይሄኔ ሁምቦ ነበር።» ኃላፊው ኮታቸውን አንስተው እንደገና አጠፉት።

የማታው ምግብ ገና ብርሃን ሳለ መጣ። ትሪው ተዘረጋ። ሾፌሩ እንደልማዱ ፌስታሉን ሊያነሳ ሲል ኃላፊው እጁን ያዙት። ተነስተውም ወደ በሩ ዞሩ።

«ወንድሜ» አሉ። «ና፣ ከእኛ ጋር ብላ።»

ሁላችንም ጠበቅን። አንዳንዶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ መልቀቅ ጀመሩ። እውነተኛ ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ እኔም ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩ።

ሰውዬው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጌታዬ» አለ። «ትናንት ቢጠሩኝ እመጣ ነበር።»

«ይቅርታ አድርግልን። ዛሬ ና።»

«ዛሬ ከመጣሁ ላለማተሜ የተከፈለኝ ይመስላል» አለ። «እኔ ለማንም ብዬ አይደለም። አልሰማሁም፤ አልሰማሁም አልኩ።»

ከዚያ ፌስታሉን ራሱ መጥቶ ወሰደ፤ ድርሻውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከውኃ ጠርሙሱ ጥቂት አፍስሶ እጁን ታጠበ። ያን ቀን ፊቱን ወደ በሩ አላዞረም። ወደ እኛ ዞሮ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ ባልተጎዳው መንጋጋው በኩል ቀስ እያለ አኘከ። ለመዋጥ ይቸገር ነበር። ቢሆንም አልቸኮለም።

እኔ ቁራሽ ቆጮዬን ይዤ ተነሳሁ። መንገዱን አጋምሼ ነበር።

«መምህር፣ ይቀመጡ» አለኝ በቀስታ። «ሰው እያየ ነው።»

ቆምኩ። ከዚያም ተመልሼ ከትሪው አጠገብ ተቀመጥኩ። ዛሬ ድረስ የሚከነክነኝ ይህ ነው። አልከለከለኝም እኮ። ሰው እያየ ነው ብቻ ነው ያለኝ። እንደገና ልነሳ እችል ነበር።

በሳምንቱ በዋስ መልቀቅ ተጀመረ። ዋሱ የወር ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው መሆን አለበት ተባለ። መጀመሪያ ኃላፊው ወጡ፤ ቀጥሎ ነጋዴው፤ ከዚያ እኔ፤ ለኔ የፈረመችው ባለቤቴ ነበረች። በወዲያኛው ግድግዳ ሥር ነፋሱ የሚነፍሰው ለባዶ ሲሚንቶ ሆነ። ለእሱ ደመወዝ ያለው ዘመድ አልነበረውም። ከዘር ማንዘሩ አንድም ቢሮ የገባ ሰው እንደሌለ ነግሮኛል።

ስወጣ «ዋስ እልክልሃለሁ» አልኩት።

«እሺ መምህር» አለኝ። እጠብቃለሁ አላለኝም።

እልካለሁ አልኩ እንጂ አልላክሁም። ባለቤቴ አንዴ ስለፈረመች ለሌላ መፈረም አትችልም ነበር። አብረውኝ የሚያስተምሩትን ለመንኩ። «አላውቀውም» አለ አንዱ። «እነዚህ ሰዎች እኮ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ቦታ ናቸው፤ ቢጠፋስ?» አለ ሌላው። አንድ የጸሎት ጓደኛዬ እንጸልይበት አለኝ። በመጨረሻ ወደ ኃላፊው ቤት ሄድኩ። ሳሎናቸው በጠያቂ ተሞልቶ ነበር። በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«በእርግጥ፣ በእርግጥ» አሉ። «ስሙ ማን ነበር?»

አላውቀውም ነበር። ከሁለት ሳምንት በላይ በአንድ ጣሪያ ሥር ተኝተን፣ ሕይወቴን በጣቱ ይዞ ሳይለቃት፣ ስሙን አልጠየቅኩትም። እሳቸውም አልጠየቁትም። ለካ «አንተ» ስንለው ነው የኖርነው።

ወደ መጋዘኑ ተመልሼ ስሄድ ፖሊሱ ስሙን ከመዝገብ አነበበልኝ። ወረቀት ላይ ጽፌ ለኃላፊው አደረስኩ። «አየዋለሁ» አሉኝ። ደጋግሜ አስታወስኳቸው። ከዚያ እኔም የታገደ ደመወዜን ለማስለቀቅ ደጅ መጥናት ጀመርኩና ማስታወሱን አቆምኩ። ሰውዬው ከእኛ በኋላ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ የቀሩት በጠቅላላ ያለ ክስ ሲለቀቁ ተለቀቀ።

ዓመት ካለፈ በኋላ ሁምቦ ሄድኩ። ገበያው ላይ ሸክላ የሚሸጡትን ሴቶች ስጠይቅ ቤቱን አሳዩኝ፤ ከመንደሩ ተገንጥሎ፣ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ካሉት ጥቂት ቤቶች አንዱ ነው። ሲያየኝ አወቀኝ፤ ደስም አለው። ስናገር ቀኝ ጆሮውን ወደ እኔ ያዞር ነበር። ግራው ከዚያ ወዲህ አይሰማለትም። ለኔ ከደጅ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር በርጩማ አወጡልኝ። ወደ ውስጥ ግባ አላሉኝም፤ እኔም ልግባ አላልኩም።

ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። «ዋሱን ሳልልክልህ...» ብዬ ስጀምር እጁን አወዛወዘ።

«እንደማይገኝ አውቅ ነበር» አለኝ። «ራስዎን አይጉዱ።»

ከቤቱ ውስጥ የበሰለ ቦዬ ሽታ ይመጣ ነበር። ምሳ ሰዓት ነው። ሚስቱ ብቅ ብላ አየችኝ፣ ከባሏ ጋር ትንሽ ተነጋገረች፣ ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁል ወረደች። የት እንደሄደች አልገባኝም ነበር። በጠራራው ፀሐይ እስከ ገበያው ሱቅ ሄዳ፣ አንድ ለስላሳ ገዝታ፣ በላብ ተጠምቃ ተመለሰች። ቆርኪው አልተከፈተም። መክፈቻውን ከነጠርሙሱ በእጄ ሰጠችኝ፤ የምጠጣውን እጇ እንዳልነካው እንዳይ ብላ ነው።

«ቤት ያፈራውን ስጡኝ» ማለት ነበረብኝ። ልለውም አስቤአለሁ። ከፍቼ ጠጣሁት። ሁለቱ ቆመው እስክጨርስ ጠበቁ፤ ቦዬውን የበሉት እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው።

ዛሬ ከተማችን ብዙ አዳዲስ የክልል መሥሪያ ቤት ሰሌዳዎች አሏት። ኃላፊው ከአንዱ በስተጀርባ ከቀድሞው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ እስሩ ያነሳሉ፤ እንዴት በአንድ ትሪ እንበላ እንደነበር ለሰው ሲናገሩ ድምፃቸው ይሞቃል። እኔም አላርማቸውም። እንዴት አርማቸዋለሁ? ያን ቀን ጠርሙሱ ታሽጎ ሲመጣ ከሐፍረቱ በፊት የተሰማኝ ምግባቸውን ከመቅመስ የመትረፍ እፎይታ ነበር። እስር ቤት ያስተማረኝ ነገር ካለ ያቺን እፎይታ ሳያት ማወቄ ነው። ወደ ሁምቦ ተመልሼ አልሄድኩም።